ሐኪም ወርቅነህ እሸቴና የሕፃንነት ትዝታ

የመጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታላቅ ሰው ሕይወት እንድጽፍ በጠየቁኝ ጊዜ ከመሐንዲሶች መካከል አንዱን እመርጣለሁ ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። እኔ ግን የመረጥኋቸው ሐኪም ናቸው። ምክንያቱም የሩቅ ነው። የመጀመሪያ ዲግሪዬን ልጨርስ አንድ ዓመት ሲቀረኝ፣ ከሕንፃ ስሌቱ ጎን ለጎን፣ ለሥነ ልቡና ተማሪዎች በመጨረሻው ዓመት የሚሰጠውን ስለ ማስታወስ የሚያጠና ሴሚናር አስፈቅጄ ተከታተልሁ። መሠረቱን በቅጡ ሳልይዝ ጣራው ላይ እንደ መውጣት ነበር። መምህራችን እያንዳንዳችን የአንድ ሰው ሕይወት መርጠን እንድንመረምር ስላዘዙን፣ እኔም ጎንደር ተወልጄ ያደግሁ በመሆኔ የከተማዬን ልጅ ሐኪም ወርቅነህን ያዝሁ።

ወርቅነህ የተወለዱት በ1857 ዓ.ም. ጎንደር ነው። አባታቸው ነጋድራስ እሸቴ ወልደ ማርያም ይባሉ ነበር። ጎንደር የነገሥታቱ ዘመን ቢያልፍባትም የሲራራ ነጋዴ መናኸሪያነቷ ገና አልቀረም ነበርና የነጋድራስ ቤት የተከበረ ቤት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1859 ዓ.ም. ከተማይቱን አስዘርፈው ካቃጠሏት በኋላ ወደ መቅደላ ከተወሰዱት ጎንደሬዎች መካከል ይህ ቤተ ሰብ አንዱ ሆነ። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ስትወድቅ ሕፃኑ በግርግሩ ከወላጆቹ ተለየ። ዕድሜው ሦስት ዓመት ተኩል ያህል ነበር።

ያነሣው የፑንጃብ ፓዮኒር የተባለው ክፍለ ጦር አዛዥ ኮሎኔል ቻምበርሌን ነው። ይህ ጦር ከጠመንጃው ጋራ አካፋና ዶማ ይዞ መንገድ እየጠረገ የሚዘምት ስለ ነበረ ለእኛ ሙያ ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ሕፃኑ ከጦሩ ጋራ ሕንድ ወረደ። ቻምበርሌን ከጥቂት ዓመታት በኋላ ሲሞት የትምህርቱን ወጪ ኮሎኔል ማርቲን የተባለ ሌላ መኮንን ቻለ፤ ልጁም ከሁለቱ ሰዎች ስም ተውጣጥቶ ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በአምሪትሳር በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተማረ፤ በ1874 ዓ.ም. ከላሆር የሕክምና ኮሌጅ ተመረቀ፤ ኋላም ስኮትላንድ ሄዶ ሙያውን አሻሻለ፤ በበርማም በመንግሥት ሐኪምነት አገለገለ። በዚህ ሁሉ ጊዜ አማርኛው ጠፍቶ ነበር።

ሴሚናሩ የጠቀመኝ እዚህ ላይ ነው። ሰው የመጀመሪያዎቹን የሕይወቱን ዓመታት የማያስታውስ መሆኑን ሲግመንድ ፍሮይድ ከመቶ ዓመታት በፊት ስም ሰጥቶ ተከራክሮበታል፤ ከእርሱ በኋላ የተደረጉት ብዙ ጥናቶችም የአብዛኛው ሰው የመጀመሪያ ትዝታ ከሦስት ዓመት ተኩል ግድም እንደሚጀምር አሳይተዋል። ሕፃኑ ወርቅነህ የጠፋው በዚሁ ድንበር ላይ ነው። የቋንቋውም ነገር ከዚህ አይርቅም። እ.ኤ.አ. በ2003 ክሪስቶፍ ፓሊዬና ባልደረቦቹ ከሦስት እስከ ስምንት ዓመት ዕድሜያቸው ከኮርያ ወጥተው በፈረንሳይ ያደጉ ስምንት ሰዎችን መርምረው ነበር። እነዚህ ሰዎች ኮርያንኛ ሲሰሙ አንጎላቸው ያሳየው ነገር ቋንቋውን ከቶ ሰምቶት ከማያውቅ ፈረንሳዊ የሚለይ አልሆነም። እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ከቻይና በጨቅላነታቸው ወጥተው ሞንትሪያል ባደጉ ልጃገረዶች ላይ የተደረገ ምርመራ፣ ቋንቋውን ባያውቁትም የድምፁ አሻራ በአንጎላቸው እንደ ተቀመጠ አመለከተ። እንግዲህ ጥያቄው ገና አልተዘጋም።

የመጀመሪያው ጽሑፌ ግን ዘግቶት ነበር። ጆን ቦውልቢ ከእናቱ ስለ ተለየ ሕፃን የጻፈውን በቅርብ አንብቤ ስለ ነበር፣ ሐኪም ወርቅነህ በኋላ ባርነትን የተቃወሙትና ነፃ ለወጡ ልጆች ትምህርት የደከሙት ሁሉ ከመቅደላው ቁስል የመነጨ ነው ብዬ በድፍረት አተትሁ። መምህራችን በኅዳጉ ላይ በቀይ ቀለም አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ በዚያን ቀን መቅደላ ላይ ስንት ሕፃናት ከእናታቸው እንደ ተለዩና ከእነርሱ ስንቱ ሐኪም እንደ ሆኑ። መልስ አልነበረኝም። ድልድይ ሲፈርስ ምን ያህል ጭነት እንደ ከበደው ወደ ኋላ ማስላት የምንችለው ብረቱንና ሲሚንቶውን ስለምናውቅ ነው፤ እኔ ግን የማላውቀውን ነገር ጥንካሬ ገምቼ አስልቼ ነበር።

ከዓድዋ ድል በኋላ ሐኪሙ ወደ አገራቸው ለመመለስ ቈረጡ፤ በ1892 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገቡ በአስተርጓሚ የሚናገሩ እንግዳ ነበሩ። ድንኳን ተክለው ሕሙማንን ሲያክሙ ወሬው ጎንደር ደረሰ፤ አያታቸውም ያን ሁሉ መንገድ ተጕዘው መጡ። በእጃቸውና በእግራቸው ላይ ያለውን የልጅነት ጠባሳ አይተው የልጅ ልጃቸው መሆናቸውን አረጋገጡ፤ ወርቅነህ የሚለውንም ስም መለሱላቸው። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ትዝታውን ይዘው የቈዩት ባለቤቱ ሳይሆኑ አሮጊቲቱ ነበሩ። የሴሚናሩ መጻሕፍት ሁሉ አንጎልን ሲመረምሩ እንዲህ ያለው በዘመድ ዘንድ የሚቀመጥ ትዝታ በየትኛው ምዕራፍ እንደሚገባ እስከ ዛሬ አልገባኝም።

የቀረው ሥራቸው በሰፊው የታወቀ ስለ ሆነ አላስረዝመውም። በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት በኃላፊነት መርተዋል፤ ጨርጨርን በገዥነት አስተዳድረዋል፤ በጣልያን ወረራ ጊዜም በለንደን የኢትዮጵያ መልእክተኛ ነበሩ። ሁለት ልጆቻቸው፣ ቤንያምና ዮሴፍ፣ በ1929 ዓ.ም. በፋሺስቶች እጅ ተገድለዋል። ለእኛ መሐንዲሶች የሚቀርበው ግን በ1920 ዓ.ም. መባቻ ወደ አሜሪካ ተልከው፣ ዓባይ ከጣና በሚወጣበት ስፍራ ስለሚሠራ ግድብ ከኒውዮርኩ ጄ. ጂ. ኋይት ኩባንያ ጋራ መነጋገራቸው ነው። ዕቅዱ በዘመናቸው ባይፈጸምም፣ ከጎንደር የጠፋው ሕፃን ስለ ጣና ውኃ ሊዋዋል አትላንቲክን መሻገሩ ያስደንቀኛል።

በዚያው በ1920 ዓ.ም. ለተማሪዎች የሚሆን የዓለም ጂኦግራፊ መጽሐፍ በአማርኛ አሳተሙ፤ ይኸውም በጐልማሳነታቸው እንደ ባዕድ ቋንቋ በተማሩት አማርኛ ነው። ያረፉት በ1945 ዓ.ም. መስከረም ወር አዲስ አበባ ነው። የዕለት ማስታወሻቸውን ግን የሚጽፉት በእንግሊዝኛ ነበር። እኔም በሁለተኛው ጽሑፌ ስለ ቁስሉ ያተትሁትን ሁሉ ሰርዤ፣ መጽሐፉንና ማስታወሻውን ጎን ለጎን አስቀምጬ ለመምህራችን አስረከብሁ።