ነርስ ሆና በእርግዝና የሞተችው ልዕልት

ከመጋላ ደቻቱን ተሻግራችሁ ወደ ከዚራ ስትሄዱ አሮጌውን ባቡር ጣቢያ ታገኙታላችሁ። ሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን አዲስ አበባ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት፣ ንጉሠ ነገሥቱና ቤተሰባቸው ወደ ጅቡቲ የተሰደዱት በዚህ ሐዲድ ነው። ከስደተኞቹ አንዷ የ16 ዓመቷ ልዕልት ፀሐይ ነበረች።

ፀሐይ የአፄ ኃይለ ሥላሴ ልጅ ናት፤ በ1912 ዓ.ም. ተወለደች። እንግሊዝ አገር ስትደርስ ልዕልት ነኝ ብላ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። ለንደን በሚገኘው ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብታ ነርስነት ተማረች። የንጉሥ ልጅ የታመመ ሕፃን ስታጥብ ይታያችሁ!

አገር ነፃ ሲወጣ ተመለሰች። ሚያዝያ 1934 ዓ.ም. ዐቢይ አበበን አገባች፤ ባሏ ወለጋን እንዲያስተዳድር ስለተሾመ አብራው ለቀምት ወረደች። ነሐሴ 11 ቀን፣ ከሠርጓ አራት ወር እንኳ ሳይሞላ፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፈች። ገና 22 ዓመቷ ነበር።

እስቲ አስቡት፤ ሀብት ነበራት፣ ሥልጣን ነበራት፣ የሕክምና ትምህርትም ነበራት። እርግዝና ግን ይህን ሁሉ አይቶ አይምርም።

ብዙዎቻችን እርግዝና የሚያስፈራው ምጥ ሲመጣ ብቻ ይመስለናል። የፅንሱ ልብ፣ አንጎልና ሌሎች ዋና ዋና አካላት መሠረታቸውን የሚይዙት ግን በመጀመሪያዎቹ 12 ሳምንታት ነው፤ ሆዷ ገና ሳይታይ ማለት ነው። ስለዚህ ክትትሉም፣ ፎሊክ አሲዱም በጊዜ መጀመር አለበት። በኛ ሰፈር ደግሞ ሌላም አለ። ጫት የሕፃኑን ክብደት ሊቀንስ ይችላል። ወባ ለነፍሰ ጡር ከሌላው ሰው ይብሳል፤ አጎበር አይረሳ። በድሬ ሙቀት ውኃ በደንብ መጠጣት ያስፈልጋል።

ደም ከታየ፣ ኃይለኛ ራስ ምታት ወይም የዓይን ብዥታ ከመጣ፣ ፊትና እጅ ካበጠ፣ የፅንሱ እንቅስቃሴ ከቀነሰ "ነገ ይሻላታል" ማለት የለም። ደም ሁሉ ውርጃ አይደለም፤ ሁሉም ግን ምርመራ ይፈልጋል።

ፀሐይ ከሞተች በኋላ እንግሊዛዊቷ ሲልቪያ ፓንክረስት ገንዘብ አሰባስባ በስሟ አዲስ አበባ ላይ ሆስፒታል ቆመ። ዛሬ ጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጅ ወደ ኢትዮጵያ የመጡት እዚያ ሊሠሩ ነበር። በወሊድ የተጎዱ የፌስቱላ ታማሚዎችን አግኝተው ዕድሜያቸውን ለእነሱ የሰጡትም ከዚያ ተነስተው ነው።

እናንተስ? ቤታችሁ ወይም ጎረቤት ነፍሰ ጡር ካለች፣ ሌሊት የሚመጣላችሁን የባጃጅ ሹፌር ቁጥር ዛሬውኑ ስልካችሁ ላይ መዝግቡት። ለሷም ስጧት።