ላቯዚዬና የጋለው ባዜቃ

በአቃቂና በቃሊቲ የብረታ ብረት ሥራ ቤቶች የጋለ ብረት ጥቁር ቅርፊት ሲያወጣ ያየን ተማሪዎች፥ ቅርፊቱ ከወዴት መጣ ብለን ጠይቀን ነበር። ነገሩን የገለጸልን በ1743 እ.ኤ.አ. በፓሪስ የተወለደው አንቷን ላቯዚዬ ነው። ባዜቃን በተዘጋ ዕቃ 12 ቀን ቢያግል ቀይ ዱቄት ወጣለት፥ አየሩም ጎደለ። ዱቄቱን አብልጦ ቢያግል የጎደለው አየር ተመለሰ፤ ስሙንም ኦክሲጅን አለው። አልማዝም በማጉያ መስተዋት ሲቃጠል እንደ ከሰል ያለ አየር ሰጠ። ዛሬም በናኖሜትር የሚለኩ ቅንጣቶችን በምድጃ የሚሠሩ ሊቃውንት ለብረታ ብረት ኦክሳይድ ኦክሲጅን ያስገባሉ፤ ካርቦን ሲሠሩ ግን እንዳይቃጠል ይከለክሉታል።

ለሙከራው ያወጣው ገንዘብ ከግብር ሰብሳቢነት ድርሻው የመጣ፥ ድኻው የከፈለው ነበር፤ ይህን ሸሽገን ልናመሰግነው አንወድም። በ1794 በአብዮቱ ፍርድ ከሌሎች ግብር ሰብሳቢዎች ጋር ተሰየፈ። የተወረሱት መጻሕፍቱና መሣሪያዎቹ በኋላ ለሚስቱ ለማሪ ተመለሱላት።