ከታይፒስትነት እስከ ኦስካር

ጄሪ ጎልድስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1929 በሎስ አንጀለስ ተወለደ። ፒያኖና የሙዚቃ ድርሰት ቢማርም፣ በ1950 ሲቢኤስ ሲቀጠር ሥራው በሙዚቃ ክፍሉ ታይፕ መምታት ነበር። ከዚያ ተነስቶ ለሬዲዮ፣ ለቴሌቪዥን፣ ኋላም ለፊልም ሙዚቃ ደረሰ።

በ1986 ለወጣው «ሁዚየርስ» ለተባለው የቅርጫት ኳስ ፊልም፣ ኳስ ወለል ላይ ሲነጥር የሚሰማውን ድምፅ ቀድቶ እንደ ከበሮ ተጠቀመበት። በ1993 ደግሞ «ሩዲ» ለተባለው የአሜሪካ እግር ኳስ ፊልም ሠራ።

ለኦስካር 18 ጊዜ ታጭቶ ያሸነፈው አንዴ ብቻ፣ በ«ዘ ኦመን» ነው። «ሁዚየርስ» እንኳ አልተሸለመም። እኔ የሒሳብ ሠራተኛ ነኝና ቀሪውን አሰላሁት፤ 17ቱ እጩነት ሽልማት አላስገኘለትም። ሥራውን ግን አላቋረጠም። በ2004 በ75 ዓመቱ በካንሰር አረፈ።

እህቶቼ፣ የዛሬው ሥራችን ቢያንስም መጨረሻችን እሱ ነው አንበል።