በስምንት ጌቶች እጅ ያለፈው መምህር

የአፋን ኦሮሞ መጽሐፍ ቅዱስ ስልካችሁ ላይ ለማውረድ ደቂቃ አይፈጅም። የመጀመሪያው ሙሉ ትርጉም ግን ብዙ ዓመት ፈጅቷል። የለፋበት ሰው ኦነሲሞስ ነሲብ ነው። ታሪኩን ላጫውታችሁ፤ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የተወለደው በ1850ዎቹ ኢሉባቦር፣ ሁሩሙ አካባቢ ነው። ወላጆቹ ሂካ አሉት፤ ተርጓሚ ማለት ነው። አባቱን በሕፃንነቱ አጣ፣ ቀጥሎ ደግሞ ባሪያ ፈንጋዮች ነጠቁት። ስምንት ጌቶች እየተቀባበሉት ምፅዋ ደረሰ። በ1870 ቨርነር ሙንዚንገር የተባለ ስዊዘርላንዳዊ ነፃ አወጣውና እምኩሉ ላለው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ተሰጠ። በ1872 ሲጠመቅ ኦነሲሞስ ተባለ። ስሙ ጳውሎስ ለፊልሞና በጻፈው መልእክት ውስጥ ያለው ባሪያ ስም ነው።

እዚህ ጋ የኢኮኖሚክስ ተማሪነቴ ይነሳብኛል። ሚሲዮኑ ኦሮሞ አገር መግባት ፈልጎ መንገድ አጥቶ ነበር። ስለዚህ ገንዘቡን ሰው ላይ አዋለ። ኦነሲሞስን ስቶክሆልም ልኮ በዮሐኔሉንድ አምስት ዓመት አስተማረው። ልጁ በ1881 ተመልሶ ወደ ትውልድ አገሩ ለመግባት ሞከረ፤ አልሆነም። ደግሞ ሞከረ፤ አሁንም አልሆነም። የተማረበት ሥራ አለ፣ የሚሠራበት ቦታ ግን ዝግ ነው። ሥራ ፍለጋ ሲቪ ይዛችሁ የተንከራተታችሁ ይገባችኋል።

እሱ ግን እጁን አጣጥፎ አልጠበቀም። ትርጉሙን ያዘ። በልጅነቱ ከኦሮምኛ ተናጋሪዎች ተነጥሎ ስለነበር ቋንቋው ውስጥ ጠልቃ የገባች ሰው አስፈለገችው። ከባርነት ነፃ የወጣችው አስቴር ጋኖ ቃላትን፣ ተረትና ምሳሌውን፣ እንቆቅልሹን እየሰበሰበች አገዘችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 ታተመ። በመሃል፣ በ1894፣ የንባብ መማሪያ መጽሐፍ አብረው አወጡ።

በ1904 በመጨረሻ ወለጋ ገባ። ነቀምቴ ላይ ደጃዝማች ገብረ እግዚአብሔር (ኩምሳ ሞረዳ) በክብር ተቀበሉት። በኦሮምኛ ሲሰብክና ሲያስተምር ሕዝቡ ወደደው። የአካባቢው ካህናት ግን ከሰሱት። በ1906 ጉዳዩ አቡነ ማቴዎስ ፊት ቀረበ፣ እንዲሰደድም ተወሰነበት። አፄ ምኒልክ ውሳኔውን አሻሻሉት፤ ወደ ነቀምቴ ይመለስ፣ ስብከት ግን ያቁም አሉ።

ለእኔ የታሪኩ ልብ ይኼ ነው። መድረኩን ሲነጠቅ የቀረው ማስተማር ብቻ ነበር፤ ልጆችን ማስነበብ፣ መጽሐፍ ማስያዝ፣ ማብቃት። ልጅ ኢያሱ በ1916 የስብከት ፈቃድ እስኪሰጡት ድረስ ዓመታት አለፉ። ኦነሲሞስ በ1931 ሲያርፍ ትምህርቱ በሌሎች አፍ ላይ ነበር። ከ28 ዓመት በኋላ፣ በ1959፣ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን በአገር አቀፍ ደረጃ ስትመሠረት የወለጋ ምእመናን ከዋና መሠረቶቿ አንዱ ነበሩ።

የምኖረው ዓለም ባንክ ነው። እዚህ አዲስ አጥቢያ ሲጀመር መጀመሪያ የሚታሰበው የኪራይ አዳራሽ ነው፤ ቀጥሎ ስፒከርና ወንበር። ነገ መጋቢ የሚሆነው ልጅ በማን ሥር ይማር የሚለው ጥያቄ መጨረሻ ላይ ይመጣል፣ አንዳንዴም ጭራሽ አይመጣም። ማይክ ቶሎ ይሰጠዋል፣ የሚያርመው ታላቅ ግን አይመደብለትም። ሲወድቅ ደግሞ ሁላችንም እናወራበታለን።

መፍትሔው ሁሉ ውድ አይደለም። መካኒሳ ያለው የመካነ ኢየሱስ ሴሚናሪ ከ1960 ጀምሮ አለ፤ ክፍያ ግን አለው፣ ጊዜም ይጠይቃል። አጥቢያ በወር ከሚሰበስበው ላይ ለአንድ ልጅ ትምህርት ጥቂት ቢቆርጥ፣ አንድ አንጋፋ መጋቢም ልጁን ወደ ለቅሶ ቤት፣ ወደ ሆስፒታል፣ ወደ ተጣሉ ባልና ሚስት ዘንድ ይዞት ቢሄድ ትልቅ ጅምር ነው። ሰው ሲያጽናና ያላየ ልጅ እንዴት ማጽናናት ይችላል?

ትርፉ በዓመት ሪፖርት ላይ አይታይም። ሂካ ነፃ ከወጣበት ቀን ወለጋ እስከገባበት ድረስ 34 ዓመት ነው።