ካራሞጆ ቤል፡ በቀጭን ጥይት ግዙፉን የጣለው ሰው

ጌርድ ሙለርን የሚያስታውሱ የኳስ አፍቃሪዎች አንድ ነገር ያውቃሉ። ጀርመናዊው አጥቂ ቦምብ ጣዩ ይባል እንጂ በቡንደስሊጋው ካገባቸው 365 ጎሎች አብዛኞቹ ከሩቅ የተለጉ አልነበሩም። 16 ከ50 ውስጥ ገብቶ ኳሷን መግባት ያለባት ቦታ ላይ ያስቀምጣታል፤ አለቀ። የዛሬው ባለታሪካችን ይህንኑ በጠመንጃ ያደረገ ሰው ነው። ስሙ ዋልተር ዳልሪምፕል ማይትላንድ ቤል ይባላል፤ ዓለም የሚያውቀው ግን ካራሞጆ ቤል በሚለው ቅጽሉ ነው። በሕይወቱ 1,011 ዝሆኖችን እንደጣለ ተመዝግቧል። የሚገርመው ቁጥሩ ብቻ አይደለም። ከእነዚህ ውስጥ 800 የሚሆኑትን የገደለው ሌሎች አዳኞች ለሚዳቋ እንጂ ለዝሆን አይሆንም በሚሉት ባለ 7 ሚሊ ሜትር ቀጭን ጥይት ነበር።

ቤል የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1880 ስኮትላንድ ውስጥ፣ ኤደንብራ አቅራቢያ ከሀብታም ቤተሰብ ነው። እናትና አባቱን በሕፃንነቱ ስላጣ ታላላቅ ወንድሞቹ አሳደጉት። ልጁ ግን ትምህርት ቤት አልሆነልህ አለው። በ13 ዓመቱ መርከብ ላይ ተሳፈረ፤ 16 ዓመት ገደማ ሲሞላው ደግሞ ምሥራቅ አፍሪካ ደርሶ የኡጋንዳን የባቡር ሐዲድ የሚዘረጉ ሠራተኞችን ከአንበሳ እንዲጠብቅ ተቀጠረ። ያኔ የያዘው በአንድ ጊዜ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነበር። ሙቀቱ ሲበረታ የተተኮሰው ቀለሃ አልወጣም እያለ ያስቸግረዋል። አንበሳ ፊት ለፊት ቆሞ ጠመንጃ ሲነክስ ምን ማለት እንደሆነ እናንተው ገምቱት! ጠመንጃና ጥይት ከጉልበት በፊት መታመን አለባቸው የሚለውን ትምህርት ቤል የቀሰመው እዚያ ነው።

ከዚያ ወርቅ ፍለጋ ካናዳ፣ ክሎንዳይክ ገባ። ወርቁ እንዳሰበው ስላልሆነለት እያደነ ለዶውሰን ከተማ ሥጋ ማቅረብ ጀመረ፤ ሸሪኩ ገንዘቡን ይዞበት ሲጠፋ ጠመንጃውን ሸጦ ለመውጣት ተገደደ። በቦየር ጦርነት ከካናዳ ፈረሰኞች ጋር ደቡብ አፍሪካ ዘመተ። ጦርነቱ ሲያልቅ፣ በ1902፣ ወደሚወዳት ምሥራቅ አፍሪካ ተመለሰ። መድረሻው በዛሬዋ ኡጋንዳ ሰሜን ምሥራቅ የሚገኘው ካራሞጃ ነበር። ቅጽል ስሙም የመጣው ከዚያው ነው።

አሁን ወደ ጥይቱ እንምጣ። በዚያ ዘመን ዝሆን አዳኝ ማለት 6 እና 7 ኪሎ የሚመዝን፣ ባለ ሁለት አፈሙዝ መድፍ መሰል ጠመንጃ የሚያሸክም ሰው ማለት ነው። 600 ኒትሮ የሚባለው ጥይት አረሩ ብቻ 58 ግራም ይመዝናል። ቤል የመረጠው የሪግቢ ሞዘር አረር ግን 11 ግራም ገደማ ነው፤ አምስት እጥፍ ያነሰ ማለት ነው። ጠመንጃውም ቀላል ስለሆነ ለጋሻ ጃግሬ ሳይሰጥ ቀኑን ሙሉ ራሱ ይዞት ይሄዳል።

ታዲያ እንዴት ሠራለት? ምስጢሩ ሦስት ነው።

አንደኛ፣ የአረሩ አሠራር። ለሥጋ ለባሽ አውሬና ለድኩላ የሚሆነው አረር አፍንጫው ለስላሳ ነው፤ ሲመታ እንደ አበባ ይከፈትና ሰፊ ቁስል ያደርጋል። ዝሆን ላይ ግን ይህ አረር ቆዳና አጥንት ላይ ተበትኖ ይቀራል። የዝሆን ጭንቅላት ከፊት በኩል እንደ ማር እንጀራ በቀዳዳ በተሞላ ወፍራም አጥንት የተሸፈነ ነው። ቤል የተጠቀመው ለወታደር የተሠራ፣ ዙሪያውን በጠንካራ ብረት የተለበጠ ድፍን አረር ነበር። ረጅምና ቀጭን ስለሆነ ሳይጣመምና ሳይፈነዳ በቀጥታ ሰርስሮ ይገባል።

ሁለተኛ፣ ዕውቀት። ቤል የዝሆን ጭንቅላት በመጋዝ አስከፍቶ አንጎሉ የት እንደተቀመጠ አጥንቷል። ከጎን፣ ከፊት፣ ከኋላ በሰያፍ ሳይቀር አንጎል የሚያገኝበትን መስመር ያውቀው ነበር። ከኋላ በሰያፍ በአንገት በኩል የሚተኮሰው እስከ ዛሬ በእርሱ ስም ይጠራል።

ሦስተኛ፣ ልምምድ። ጠመንጃው ከእጁ አይወርድም፤ መንገድ ላይም ሳይቀር ያለ ጥይት ማነጣጠር ይለማመዳል። የተረፉትን ጥይቶች ለመጨረስ ሐይቅ ላይ በመብረር ላይ ያሉ ወፎችን በጠመንጃ እየመታ ያወርድ እንደነበር ይነገራል። በላዩ ላይ ደግሞ ፒጃሌ የተባለው የካራሞጃ ተወላጅ ዱካ አዋቂ አለ። ዝሆኑ የት እንዳለ አግኝቶ ኳሷን የሚያቀብለው እሱ ነው። ጎሉ የተመዘገበው በቤል ስም ቢሆንም ያለ ፒጃሌ አቀባይነት ያ ቁጥር አይታሰብም።

ቤል በእኛም ምድር ረግጧል። በጋምቤላ በኩል የሚፈሰውን የጊሎን ወንዝ ተከትሎ ያደነበትን ጊዜ በ1923 ባሳተመው መጽሐፉ ተርኮታል። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ደግሞ አውሮፕላን አብራሪ ሆነ። መጀመሪያ አካባቢ ከኋላው መቀመጥ ያለበትን ሰው ትቶ ብቻውን እየበረረ በጠመንጃ ይተኩስ ነበር ይባላል። ሚሊተሪ ክሮስ የተባለውን ሜዳልያም ተሸልሟል። በኋላ ስኮትላንድ ገብቶ፣ ሥዕል እየሣለ፣ እየጻፈና በጀልባ እየተወዳደረ ኖረ። በ1954 በ73 ዓመቱ አረፈ።

ታሪኩ ግን ሌላ ጎን አለው። ሙለርን አይቶ ቆሜ አገባለሁ ያለ ሁሉ ሙለር አይሆንም፤ ቤልን አይቶ ቀጭን ጥይት የያዘ ሁሉም ቤል አልሆነም። አንጎል በአንድ ስንዝር ከተሳተ ቀጭኗ ጥይት የምታቆስለው እንጂ የምታቆመው ነገር የለም። የቆሰለ ጎሽ ጥቅጥቅ ካለ ቁጥቋጦ ውስጥ ሲወጣ ለማነጣጠር ጊዜ አይሰጥም። ያኔ ነው የወፍራሙ ጥይት ጥቅም የሚታየው፤ ቦታውን ባያገኝ እንኳ አውሬውን ያንገዳግዳል፣ ለሁለተኛ ጥይት ፋታ ይሰጣል። በ1912 የወጣው ባለ 9.5 ሚሊ ሜትሩ 375 ጥይት ተወዳጅ የሆነውም ለዚህ ነው፤ ጉልበት አለው፣ ትከሻም አይሰብርም። አደን የሚፈቅዱ ብዙ የአፍሪካ አገሮች ለአደገኛ አውሬ ከዚህ መጠን እምብዛም ያላነሰ ጥይት በሕግ ያስገድዳሉ። የቤል 7 ሚሊ ሜትር ዛሬ ቢሆን በር ላይ ይመለስ ነበር።

ሌላው ሂሳብ የዝሆኖቹ ነው። ቤል ያደነው ለስፖርት ብቻ አልነበረም፤ የዝሆን ጥርስ ትልቅ ገንዘብ ነበር፣ እሱም ሀብታም ሆኖበታል። 1,011 የሚለው ቁጥር በዚያ ዘመን ጀግንነት ነበር። ዓለም አቀፍ የዝሆን ጥርስ ንግድ እንዲታገድ በ1989 ከተወሰነና በ2016 የአፍሪካ ዝሆኖች 415,000 ገደማ ብቻ መሆናቸው ከተገመተ በኋላ ግን ቁጥሩን ያለ ድንጋጤ ማንበብ ያስቸግራል። በተኳሽነቱ ለቤል የሚደርስ ብዙም አልተገኘም። ቁጥሩን ግን ማንም እንዲደግመው አንመኝም።