ከባዱ መድፍና ቀላሉ ጠመንጃ

ከእኛ ከወረታ፣ የፎገራን ሜዳ ትቶ ወደ ምሥራቅ የሚታጠፈው መንገድ ደብረ ታቦር ያደርሳል። አፄ ቴዎድሮስ መድፍ ያሠሩበት ጋፋት እዚያው አጠገብ ነው።

ገና ካሣ ኃይሉ ሳሉ በ1840 ዓ.ም ደባርቂ ላይ የግብፆች መድፍ ጦራቸውን ፈጀባቸው። ከዚያ ወዲህ ልባቸው መድፍ ላይ ቀረ። 70 ኩንታል ገደማ የሚመዝነውን ሴባስቶፖልን ጋፋት ላይ በሚሲዮናውያን አሠሩ። በ1860 ዓ.ም መንገድ እያስጠረጉ፣ ወራት ፈጅተው፣ በሰው ጉልበት መቅደላ አስወጡት። መቼም ጉድ ነው!

እንግሊዞች የያዙት ግን ከኋላው የሚጎርስ ስናይደር ጠመንጃ ነበር። ሚያዝያ 3 ቀን አሮጌ ላይ የእኛ ሰው አንዴ ተኩሶ በአፈሙዙ እስኪያጎርስ፣ ያኛው ከኋላው እያጎረሰ ይደጋግመዋል። እኔ እንደሚመስለኝ ንጉሡን የጎዳቸው የመድፍ ማነስ ሳይሆን የጠመንጃው ምርጫ ነው።

ሚያዝያ 6 ቀን ንግሥት ቪክቶሪያ በላከችላቸው ሽጉጥ ራሳቸውን ገደሉ። ሴባስቶፖል እዚያው መቅደላ ቀረ።