ኒኮላይ ቫቪሎቭ፦ ዘራችንን ፍለጋ የመጣው ሊቅ

ከእንጦጦ ተራሮች ግርጌ፣ በየካ ክፍለ ከተማ የሚገኘው የኢትዮጵያ ብዝኀ ሕይወት ኢንስቲትዩት የሀገሪቱን የሰብል ዘር በቀዝቃዛ ክፍሎች ያኖራል። የዘር ባንኩ የተቋቋመው በ1968 ዓ.ም ነው። ይሁንና የኢትዮጵያ አርሶ አደር በማሳው ያቆየው ዘር ለዓለም ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚያ ግማሽ ምዕተ ዓመት ቀድሞ የተረዳ አንድ ሩሲያዊ ነበር።

ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ በ1887 በሞስኮ ተወለደ። ግብርና ተምሮ፣ በእንግሊዝ ሀገር በዊልያም ቤትሰን ዘንድ የዘር ውርስን ሳይንስ ቀሰመ። እ.ኤ.አ በ1920 በሳራቶቭ ከተማ ያቀረበው ሐሳብ ስሙን አስጠራው፤ ተዛማጅ ሰብሎች ተመሳሳይ ልዩነቶችን ያሳያሉ፣ በአንዱ የታየ ጠባይ በሌላውም ሊፈለግ ይገባል የሚል ነው።

ከመዘገባቸው ጠባዮች አንዱ የፍሬው ውስጣዊ ይዘት ነበር፤ ብርጭቆ መሳይ፣ ዱቄታማ ወይም ሰም መሳይ። ዛሬ ምክንያቱ ይታወቃል። የእህል ስታርች አሚሎስና አሚሎፔክቲን ከሚባሉ ሁለት ነገሮች የተሠራ ነው። አሚሎስን የሚያሠራው ዘረመል ሲበላሽ ፍሬው በአሚሎፔክቲን ብቻ ይሞላል፣ ሰም መሳይም ይሆናል። መለያው ቀላል ነው፤ የተለመደው ፍሬ ተቆርጦ አዮዲን ሲነካው ወደ ሰማያዊ ጥቁር ይለወጣል፣ ሰም መሳዩ ግን ቀላ ያለ ቡናማ ይሆናል። ይህ ጠባይ በሩዝ፣ በበቆሎ፣ በማሽላና በገብስ ተገኝቷል። በዳቦ ስንዴ ግን አልተገኘም ነበር።

ቫቪሎቭ በ1919 ዓ.ም በጅቡቲ በኩል አዲስ አበባ ገባ። አልጋ ወራሽ ራስ ተፈሪን አግኝቶ የጉዞ ፈቃድ ተቀበለ። በቅሎ አስጭኖ አንኮበርን፣ ጎንደርን፣ አክሱምን አቋርጦ ወደ ኤርትራ ዘለቀ። በየገበያውና በየማሳው ስንዴ፣ ገብስ፣ ጤፍና ጥራጥሬ ሰበሰበ። በአንድ ማሳ ውስጥ ተደባልቆ የሚበቅለው የስንዴና የገብስ ዓይነት ብዛት እጅግ አስደነቀው፤ ለእኛ ገበሬ ግን ሠርገኛ መዝራት ብልሃት እንጂ ድንቅ አይደለም። በአክሱም አካባቢ ጢም የሌለው ዱረም ስንዴ አገኘ። በሐሳቡ መሠረት መኖር አለበት ብሎ የጠበቀው ነበርና ደስታው ትልቅ ነበር። ኢትዮጵያንም ከዓለም የሰብል መፍለቂያዎች አንዷ አድርጎ መዘገበ።

ፍጻሜው ግን መራራ ሆነ። የዘር ውርስን ሳይንስ የሚክደው ትሮፊም ሊሴንኮ በስታሊን ዘንድ ተሰሚነት አገኘ። ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ ነሐሴ 1940 ለዘር አሰባሰብ በወጣበት ታሰረ፣ ሞትም ተፈረደበት። ቅጣቱ ወደ 20 ዓመት እስራት ቢለወጥም፣ እ.ኤ.አ ጥር 26 ቀን 1943 በሳራቶቭ እስር ቤት በረሃብ ተጎሳቁሎ አረፈ። ለዓለም እንጀራ የደከመ ሰው እንጀራ አጥቶ ሞተ። በዚያው ጊዜ በጀርመን ጦር በተከበበችው ሌኒንግራድ የተቋሙ ባለሙያዎች የሰበሰበውን ዘር ሲጠብቁ፣ ከሩዝና ከኦቾሎኒ ጆንያ አጠገብ ሆነው ፍሬ ሳይቀምሱ በረሃብ አለቁ። ስሙ በይፋ የታደሰው እ.ኤ.አ በ1955 ነው።

ሰም መሳይ ስንዴ የተገኘው ከዚያም ዘግይቶ ነው። የዳቦ ስንዴ ሦስት ጥንድ የዘር ስብስብ ስላለው፣ አንዱ ዘረመል ቢበላሽ የቀሩት ይሸፍኑታል። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ በ1990ዎቹ አንዳንዱ ብልሽት ያለባቸውን ዝርያዎች አዳቅለው ሦስቱንም በአንድ ተክል አገናኙ። ከዚህ ስንዴ ዱቄት የተቀላቀለበት ዳቦ ቶሎ አይደርቅም።